እንቁልጢዬን ላስወጣ ወይስ በመርፌና በክኒን ልቀጥል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ዓመት ሲሆን የአንድ ልጅ እናት ነኝ። በጡቴ ላይ የተገኘው ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣልኝ በኋላ ኬሞቴራፒ ወስጄ ጨርሻለሁ። የናሙናው ውጤት ካንሰሩ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት እንደሆነና ሁለት የብብት ዕጢዎችም ተነክተው እንደነበር ያሳያል። ሐኪሜ የእንቁልጢዎቼ፣ ማለትም እንቁላልና ይህን ሆርሞን የሚያመርቱት የአካል ክፍሎቼ፣ ሥራ መቆም እንዳለበት ነግረውኝ፣ በቀዶ ሕክምና ማስወጣትን ወይም በየወሩ መርፌ እየተወጉ ክኒን መዋጥን እንድመርጥ ጠየቁኝ። ባለቤቴ «አንዴ ይውጣና እንገላገል» ይላል፤ እናቴ ደግሞ ሴትነቴ የሚቀር መስሏት ነገሩ በተነሳ ቁጥር ታለቅሳለች። እኔ ግን ኬሞ ከጀመርኩ ወዲህ የወር አበባዬ ስለቀረ፣ እንቁልጢዎቼ አስቀድመው ሥራ ካቆሙ ሁለቱም ለምን እንደሚያስፈልጉኝ አልገባኝም። ሌላ ልጅ የመውለድ ተስፋዬንም አልቆረጥኩም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የወር አበባዎ መቅረቱ ሌላውን ሁሉ ስለሚወስን በእሱ እጀምራለሁ። ኬሞቴራፒ እንቁልጢን ያደክማል፤ በእርስዎ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት እንቁልጢ ግን ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ሥራውን ሊቀጥል ስለሚችል፣ የወር አበባ ስለቀረ ብቻ አርጠዋል ማለት አይቻልም። የደም ምርመራ የሆርሞኑን መጠን ያሳያል፤ ሆኖም የዛሬው ውጤት ለሚመጡት ወራት ዋስትና ስለማይሆን አንድ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ይህ በተለይ እንደ አናስትሮዞል፣ ሌትሮዞልና ኤክሴሜስቴን ላሉት ክኒኖች ወሳኝ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ከእንቁልጢ ውጭ በስብና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚመረተውን ኢስትሮጅን የሚገቱ በመሆናቸው፣ እንቁልጢዋ ለምትሠራ ሴት ብቻቸውን ሲሰጡ አይጠቅሟትም፤ እንዲያውም እንቁልጢውን ይበልጥ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ።

የእንቁልጢ መውጣት የጡት ካንሰርን እንደሚረዳ የታወቀው ሆርሞኑ ራሱ ከመታወቁ በፊት ነው። የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን በ1896 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እንቁልጢያቸውን ባወጣላቸው ሕመምተኞች ላይ የተስፋፋው ካንሰር ሲቀንስ ማየቱን ጽፏል። ዛሬ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከማረጥ በፊት ዋናው የኢስትሮጅን ምንጭ እንቁልጢ ሲሆን፣ የእርስዎን ዓይነት ካንሰር ለማደግ የሚረዳውም ይኸው ሆርሞን ነው። ታሞክሲፌን የተባለው ክኒን ሆርሞኑ በካንሰሩ ሕዋስ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ጎሰረሊንን የመሰለው መርፌ እንቁልጢውን ያስተኛዋል፤ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ምንጩን ጨርሶ ያስወግዳል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ባለቤትዎ ቢሰሙት እወዳለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ቀዶ ሕክምናው የሚተካው መርፌውን ብቻ ነው። ክኒኑ፣ ታሞክሲፌንም ይሁን ከሌሎቹ አንዱ፣ እንቁልጢው ቢወጣም ባይወጣም ቢያንስ ለ5 ዓመት መወሰድ አለበት። «አንዴ ይውጣና እንገላገል» የሚለው ሐሳብ ከፍቅርና ከድካም የመነጨ መሆኑን እረዳለሁ፤ ግን እንደሚጠበቀው አይገላግልም።

ታሞክሲፌን ብቻውን አይበቃም ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ለብዙ ሴቶች ይበቃል እላለሁ። ካንሰሩ ትንሽ ሆኖ ወደ ብብት ላልደረሰባትና ኬሞ ላላስፈለጋት ሴት፣ እንቁልጢን ማስቆም የሚጨምረው ጥቅም አነስተኛ ሲሆን የሚያስከፍለው ግን ቀላል አይደለም። እርስዎ ግን ገና ወጣት ነዎት፣ ኬሞ አስፈልጎዎታል፣ የብብት ዕጢዎችም ተነክተው ነበር፤ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እንዲህ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ሶፍት በተባለው ትልቅ ጥናት ከ8 ዓመት በኋላ፣ ካንሰሩ ሳይመለስና ሌላ ካንሰር ሳይዛቸው በሕይወት የቆዩት ታሞክሲፌን ብቻ ከወሰዱት 78.9 በመቶ፣ ታሞክሲፌንን ከእንቁልጢ ማስቆም ጋር ከወሰዱት 83.2 በመቶ፣ ኤክሴሜስቴንን ከእንቁልጢ ማስቆም ጋር ከወሰዱት ደግሞ 85.9 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ የሐኪምዎ ሐሳብ መሠረት ያለው ነው።

አሁን በመርፌና በቀዶ ሕክምና መካከል ወዳለው ምርጫ እንምጣ። ሁለቱም እንቁልጢውን ለማስቆም የሚሰጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው በሚያስከትሉት ኑሮ ላይ ነው። መርፌው በየ28 ቀኑ ከሆድ ቆዳ ሥር ይወጋል፤ ቀኑ ማለፍ የለበትም፣ ለዓመታትም መመላለስን ይጠይቃል። በጥቂት ሴቶች፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ እንቁልጢውን ሙሉ በሙሉ ላያስተኛው ስለሚችል፣ በመርፌ ላይ ሳሉ ደም ቢታይዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቀዶ ሕክምናው በበኩሉ በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታገዘ ሊሠራ የሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜም ረጅም መተኛት የማይጠይቅ ነው፤ ሆርሞኑን ወዲያው ያወርደዋል፣ የቀጠሮ መመላለሱንም ይቀንሳል። ነገር ግን አይመለስም። በ38 ዓመት ድንገት ማረጥ ማለት በተፈጥሮ ማረጥ ከሚመጣበት ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ አጥንትና ልብ የሆርሞኑን ጥበቃ ማጣታቸው ነው፤ ሆርሞን የሚተካ መድኃኒትም እንደ እርስዎ ዓይነት ካንሰር ለያዛት ሴት በአብዛኛው አይሰጥም። መርፌው ግን ቢያስመርርዎት ይቆማል፤ በዕድሜዎ ላሉ ብዙ ሴቶችም እንቁልጢው ሥራውን ይቀጥላል።

በእኔ እምነት፣ የልጅ ጉዳይ ያልተቋጨባት ሴት በመርፌው ብትጀምር ይሻላል። ሰውነትዎ ያለ ኢስትሮጅን እንዴት እንደሚሆን በወራት ውስጥ ያዩታል፤ ከተስማማዎትና መመላለሱ ከሰለቸዎት ቀዶ ሕክምናውን በሚቀጥለው ዓመትም ሆነ ከዚያ በኋላ ማድረግ ይቻላል። ዛሬ ካስወጡት ግን ነገ ሐሳብዎን የሚቀይሩበት መንገድ የለም።

ይህን ምክሬን የሚለውጥ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የዘር ምርመራ ነው። በወጣትነቷ የጡት ካንሰር የያዛት ሴት፣ በዘመዶቿ ዘንድ ካንሰር ባይታወቅም እንኳ፣ ብራካ 1 እና ብራካ 2 የተባሉትን ዘረ መሎች እንድትመረመር ይመከራል። በእነዚህ ዘረ መሎች ላይ ጎጂ ለውጥ ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በእንቁልጢ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በብራካ 1 ወደ 44 በመቶ፣ በብራካ 2 ወደ 17 በመቶ ይደርሳል። የእንቁልጢ ካንሰር ደግሞ በጊዜ የሚታወቅበት አስተማማኝ የቅድመ ምርመራ ዘዴ የለውም። ስለዚህ ልጅ ወልደው ሲያበቁ እንቁልጢውን ከማህፀን ቱቦዎቹ ጋር ማስወጣት በብራካ 1 ከ35 እስከ 40፣ በብራካ 2 ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ ይመከራል። ውጤትዎ እንዲህ ከመጣ ቀዶ ሕክምናው ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ሚዛኑም ወደዚያ ያጋድላል። ምርመራው ከተቻለ ከውሳኔው በፊት ይደረግ።

ስለ ልጅ ያለዎትን ተስፋ ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩ። በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከ18 እስከ 30 ወራት የሆርሞን ሕክምና ወስደው ለማርገዝ እስከ 2 ዓመት ያቋረጡ ሴቶች፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካንሰሩ የተመለሰባቸው ካላቋረጡት በላይ ሆኖ አልተገኘም፤ የረጅም ጊዜ ክትትሉ ግን ይቀጥላል። እስከዚያው ታሞክሲፌን ጽንስን ስለሚጎዳ ሆርሞን በሌለው መከላከያ፣ ለምሳሌ በኮንዶም ወይም ከመዳብ በተሠራ ሉፕ ይጠቀሙ፤ የወር አበባ መቅረቱ ከእርግዝና አይጠብቅዎትም።

ለእናትዎ ደግሞ ይህን ይንገሯቸው፤ እንቁልጢ ቢወጣ ማህፀኑ በቦታው ይቀራል፣ መልክም ድምፅም አይለወጥም። ድንገተኛ ሙቀት፣ የእንቅልፍ መቆራረጥ፣ የብልት ድርቀትና የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ግን በመርፌውም በቀዶ ሕክምናውም ሊመጡ ይችላሉ። ይህን በዝምታ መቻል አያስፈልግም፤ ሆርሞን የሌላቸው ማለስለሻዎች አሉ፣ ለሙቀቱም የሚረዱ መድኃኒቶች ይገኛሉ። ታሞክሲፌን የሚወስዱ ከሆነ ግን ፓሮክሲቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ሥራውን ስለሚያዳክምበት አብረው እንዳይወስዱት። ሕክምናውን ሲጀምሩ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ያድርጉ። በታሞክሲፌን ላይ ሳሉ ያልተለመደ የማህፀን ደም ቢታይዎ ሳይዘገዩ ይመርመሩ፤ አንድ እግር ቢያብጥና ቢያምዎ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርዎ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።