ለልጇ «ማራ» የሚል ስም ላሰበችው እህት

እህቴ፣ «የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ፣ ሴት ናት፣ ማራ ልንላት ወስነናል፣ ትርጉሙ የእግዚአብሔር ውበት ነው አይደል?» ብለሽ የጠየቅሽውን አሁን አነበብኩት። አይደለም። ማራ በዕብራይስጥ መራራ ማለት ነው። አንቺ በነጻ እየሰማሽው ነው፤ እኔ ይህን ለማወቅ ፍርድ ቤት ድረስ ሄጃለሁ።

ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ «ዋው፣ ደስ የሚል ስም» ብለውሻል። ለእኔም እንደዛው ብለውኝ ነበር። ያቺን ፌስቡክ ላይ ያለችውን፣ ዙሪያዋን አበባ የተደረገባትን ምስል አውቃታለሁ፣ የሴት ልጅ ስሞች ከነትርጉማቸው የተደረደሩባትን። ማን እንደጻፋት አይታወቅም። ግማሹ «የእግዚአብሔር ስጦታ»፣ የቀረው «የእግዚአብሔር ውበት»። አንድም መጥፎ ትርጉም ያለው ስም የለባትም፣ በዚህ ነበር መጠርጠር የነበረብን።

መጽሐፍ ቅዱስ ቤትሽ ካለ ሩት ምዕራፍ 1 ቁጥር 20ን ክፈቺ። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን ቀብራ አገሯ ስትመለስ፣ ኑኃሚን አትበሉኝ፣ ማራ በሉኝ፣ አምላክ አስመርሮኛል ነው ያለችው። ዘጸአት 15 ላይም ሕዝቡ ጠምቶት ሊጠጣው ያልቻለው ውኃ ያለበት ቦታ ስሙ ማራ ነው። «መራራ» የሚለው የራሳችን ቃል እኮ አጠገባችን ነበር። እኔና ባለቤቴ ግን ትዝ ያለን «ማራኪ» ነው።

አሁን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

1. ስሙን ከአባቷ ስም ጋር አድርገሽ ጮክ ብለሽ ጥሪው። በልብሽ ሳይሆን በአፍሽ። የባለቤቴ ስም ማስረሻ ነው። ከእሱ በፊት እናቱ ሁለት ልጅ ቀብረዋል፤ እሱ ሲወለድ ያንን ሐዘን ያስረሳኛል ብለው ነው ያወጡለት። ምትኩ፣ ካሳ፣ ተካ ከሚባሉትም ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ታሪክ አላቸው። እኔ ግን ከተጋባን ሦስት ዓመት እስኪሞላን ይህን አላውቅም ነበር። ቁልፍ ስለሚረሳ በስሙ እቀልድበት ነበር፤ አንድ ቀን አማቴ ፊት ቀልጄ ነው ታሪኩን የሰማሁት፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እንግዲህ ይህን ስም ከኋላ አድርገሽ ሞክሪ። ሰላም ማስረሻ። ደስታ ማስረሻ። ሕይወት ማስረሻ። አማቴ የፈለጉት «ፍቅር» ነበር። ጮክ ብዬ «ፍቅር ማስረሻ!» ስል ባለቤቴ በሳቅ ሞተ፣ እሳቸው አልሳቁም። ያንቺም ባል ስም እንዲህ አንድ ነገር ማድረጉ አይቀርም። ደግሞ የልደት ካርዱ ላይ የአያትም ስም ይገባል፣ ሦስቱንም አብረሽ ጥሪ።

2. አትቸኩዪ። ልደት ለማስመዝገብ 90 ቀን አለሽ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። አሥር ቀን ይተርፍሻል ማለት ነው፣ ቄሱም ዘመዱም ስሙን ሰምቶ የሚለውን ብሎ ይጨርሳል። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን ስሌት የሚነግረኝ አላገኘሁም። ባለቤቴ ፈቃድ ላይ ስለነበር በ15ኛው ቀን ሄደን «ማራ ማስረሻ» ብለን አስመዘገብን፤ እንዲያውም ካርዱን በፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ልኬአለሁ።

በ80 ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቄሱ የክርስትና ስሟን ከሰጡ በኋላ «የቤት ስሟስ ማን ነው?» አሉ። «ማራ» አልን በኩራት። ሕፃኗን አዩ፣ እኛን አዩ። «ምነው ልጆቼ፣ ምን አስመረራችሁ?»

የክርስትናው ድግስ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ባለቤቴ ተከራከረ፣ ቶሎ እጅ አይሰጥም። «ታዲያ ማራ ማስረሻ እኮ ነው፣ መራራውን ማስረሻ ማለት ነው፣ እንዲያውም ይገጥማል!» አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ለአንድ ደቂቃ ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። አማቴ እንጀራ እያወጡ ነበር። ሳይዞሩ «እኔ መራራውን የረሳሁት አንተን ስጠራ ነው። ደግሞ በስተርጅና ጧት ማታ መራራ መራራ እያልኩ ልጣራ?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም።

በማግስቱ ካርዱን ይዤ ወደ መዘገበን መሥሪያ ቤት። ስሙን አልጠራውም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቆሎ ትበላለች፣ ካርዱን ስሰጣት በሁለት ጣቷ ይዛ ራቅ አድርጋ አየችው። «ስህተቱ የእኛ ነው የእናንተ?» «የእኛ» አልኩ፣ እውነት ተናገርኩ ብዬ። «እንግዲያው ፍርድ ቤት ነው። እኛ የምናርመው የራሳችንን ስህተት ነው። ስም ጨዋታ መሰላችሁ?» አለችኝና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። የሦስት ወር አራስ ልጅ አዝዬ፣ በአዳማ ፀሐይ። ቁጭ በይ እንኳን አላለችኝም። አሁንም ከተማ ውስጥ ሳያት ሰላም አልላትም።

ማመልከቻ ለሚጽፈው ትከፍያለሽ፣ ፎቶ ኮፒ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ምስክሮች ደግሞ ምሳ ሳይበሉ አይለቁሽም። አራት ጊዜ ተመላለስን። ዳኛው «ለምንድን ነው የምትቀይሩት?» ሲሉ ባለቤቴ «ትርጉሙን ከፌስቡክ ነው ያየነው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ጫማዬን ነው ያየሁት።

3. ስሙ የሚወጣበትን ቋንቋ አፉን የፈታበት ሰው ጠይቂ። ይህን እንኳ ማን እንዳስተማረኝ ልንገርሽ፣ እናቴ ናት። እማዬ የወንጂ ልጅ ናት፣ ኦሮምኛው የአፏ ነው። ያን ሁሉ ወር እኔ ስልክ ላይ ዕብራይስጥ ስፈልግ እሷ ቤቴ ተቀምጣ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። የአባቴ ስም በቀለ ነው፤ ትምህርት ቤት «አባትሽ ማንን ነው የተበቀለው?» እያሉ ያስለቅሱኝ ነበር። «ቡቃያ ነው እንጂ ምን ቂም አለበት» ትለኝ የነበረችው እሷ ናት። በኦሮምኛ ቢቂላ የሚባለው ያው ቡቃያው ነው። አበበ ቢቂላን አስቢው፣ አባት በቀለ ልጅ አበበ፣ በሁለት ቋንቋ። እንዲህ ያለ ስም አገራችን ላይ ሞልቶ እኛ አበባ ያለባት ምስል እናምናለን። ለነገሩ የከተማችንንም ስም ከአዳም ጋር የሚያያይዝ ሰው ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ከኦሮምኛው «አዳሚ»፣ ከቁልቋል መምጣቱ ነው።

እና እማዬን ጠየቅኳት። ብዙም አላሰበችም። «ሀዊ በሏት» አለች። ምኞት ማለት ነው። ሀዊ ማስረሻ። ጮክ ብዬ ጠራሁት፣ አማቴም ጠሩት፣ ባለቤቴ ሊስቅ ፈለገ፣ የሚስቅበት አጣ። በቁቤ ሲጻፍ ደብሊውም ሁለት፣ አይም ሁለት ነው፤ አዲሱን ካርድ ሲሰጡን ያችው ልጅ አንዱን ደብሊው ገድፋው አገኘሁት። «ስህተቱ የእኛ ነው የእናንተ?» አልኳት። ቆሎዋን አስቀምጣ አስተካከለችልኝ። ያን ቀን እስከ ፖስታ ቤት ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ባጃጅ አላሰኘኝም።

ጨረስኩ ብዬ ስል ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የምትከራይ የመቀሌ ልጅ አለች። ሀዊን ስጣራ ሰምታ «እሳት ነው እንዴ ያላችኋት?» አለችኝ። ትግርኛ ሓዊ እሳት ነው ለካ። ልጄ በዚያች ሰዓት የሽሮውን ድስት ደፍታ ጓዳ ተደብቃ ስለነበር አልተከራከርኩም።

አሁን አንቺ የባልሽን ስምና የአባቱን ስም እዚሁ ጻፊልኝ። ያለዚያ ስም የሚጠቁምሽን ማንንም አትስሚ። ማታ ሀዊ ስትተኛ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን።