ጫማው የሚወልቀው ፒኑ አልቆ አይመስለኝም

ዴንቨር የሚኖር አንድ ወንድም ጽፎልኛል። ለማያውቀው፦ የቱሪንግ ስኪ በበረዶ ተራራ በእግር ወጥተው የሚንሸራተቱበት ስኪ ነው። ባይንዲንግ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው የፊትና የኋላ መያዣ ነው፣ ማንሻ የፊቱን የሚቆልፈው እጀታ፣ ስኪን ደግሞ አቀበት ላይ እንዳያንሸራትት ከስኪው ሆድ የሚለጠፈው ጨርቅ። ደብዳቤው ረዘም ይላል፣ ፍሬ ነገሩ ግን ይሄ ነው።

«ጋሼ፣ አምና ያገለገለ የቱሪንግ ስኪ ከነባይንዲንጉና ከነጫማው ገዛሁ። ጠዋት የመጀመሪያውን አቀበት ስወጣ ምንም ችግር የለም። አንዴ ወርጄ ሁለተኛውን ስጀምር ግን የግራ ጫማዬ ከፊት መያዣው እየወለቀ መከራዬን ያሳየኛል። ማንሻውን ለመቆለፍ ስስበውም እንደ ቀኙ እስከ ላይ አይሄድልኝም። የግራው ጫማ ሶል ከፊት ተላቆ ስለነበር ጫማ የሚጠግን ሰው አጣብቆልኛል። ስኪኑም ከኋላ በኩል ይላቀቃል። ፒኑ ያለቀ መሰለኝ፣ አዲስ የፊት መያዣ ልግዛ? እስከዚያው እንዳይወልቅብኝ ስወርድም ቆልፌ ነው የምወርደው።»

የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ደነገጥኩ። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። ቆልፈህ አትውረድ። ማንሻው ወደ ላይ ተስቦ የሚቆለፈው ለአቀበት ነው። ተቆልፎ ከወደቅክ ባይንዲንጉ አይለቅህም፣ ከለቀቀህም ጉልበትህ ከተጎዳ በኋላ ነው። የበረዶ ናዳ ቢመጣ ደግሞ እግርህ ላይ የቀረው ስኪ ወደ ታች ይጎትትሃል። አቀበት ላይ ጫማ ቢወልቅብህ ትናደዳለህ፣ ጊዜህንም ይበላል። ቁልቁል ላይ አለመውለቁ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። አዲስ መያዣ አትግዛ፣ ቢያንስ ዛሬ አትግዛ። ግምቴ ግግር በረዶ ነው። የፊት መያዣው ክንፎች ስር ገብቶ የረጋ ግግር። ለምን እንዲህ አልኩ? ያለቀ ፒን ጠዋትም ያለቀ ነው፣ ከሰዓትም ያለቀ ነው። ያንተ ባይንዲንግ ግን ጠዋት ደህና ነው፣ የሚታመመው አንዴ ከወረድክ በኋላ ነው። በመሃል የተለወጠው በረዶው ብቻ ነው። ማንሻው እስከ ላይ አለመሄዱ ደግሞ ጥርጣሬዬን አጠናከረው። ከስር የሆነ ነገር እየገፋው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር አንዴ የገባው ሰው ዕድሜ ልኩን ባይንዲንጉን በትክክል ያነባል። ይህን የፒን አሠራር በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ያመጣው ፍሪትዝ ባርትል የሚባል ኦስትሪያዊ ነው። እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም። የፊት መያዣው ሁለት ክንፎች አሉት። በየክንፉ ጫፍ ፒን አለ። ፒኖቹ ከግራና ከቀኝ ጫማህ አፍንጫ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባሉ። ክንፎቹን የሚገፋቸው ከስር ያለው ሞላ ነው። የሞላው ሥራ ግን እንደ በር ሞላ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ መግፋት አይደለም። ልጃገረዶች ፀጉራቸው ላይ የሚያደርጉት ጠፍጣፋ የብረት ክሊፕ አለ አይደል? ስትጫነው «ጠቅ» ብሎ ወደ አንዱ ወገን ይገለበጣል፣ መልሰህ ስትጫነው ወደ ሌላኛው። መሃል ላይ መቆም አይወድም። ባይንዲንጉም እንደዚሁ ነው። ጫማህን መሃሉ ላይ ስትጫን ክንፎቹ መሃለኛዋን ነጥብ ያልፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ሞላው ራሱ ይዘጋቸዋል። ሞላው ጉልበቱን ሁሉ የሚያገኘው ግን ክንፎቹ እስከ መጨረሻው ወርደው ሲያርፉ ነው። ከስር ሦስት ሚሊ ሜትር ግግር ካለ ክንፎቹ መሃለኛዋን ነጥብ አልፈው «ጠቅ» ይላሉ፣ ነገር ግን እስከ ታች አይወርዱም። ድምፁን ሰምተሃል፣ ጫማውም የገባ ይመስላል። ፒኑ ግን ቀዳዳው ውስጥ የገባው በግማሽ ነው። ሞላውም የሚይዝህ በግማሽ ጉልበቱ ነው። ጥቂት እርምጃ ተራምደህ፣ ሽቅቡ ላይ ስትዞር ስኪውን ጠምዘዝ ስታደርገው ይለቅሃል። ማንሻውም ሲቆለፍ ክንፎቹ እንዳይከፈቱ የሚደግፋቸው ከስር በመግባት ነው። ቦታውን ግግር ከያዘበት እስከ ላይ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ቀኙ አምስት ጊዜ ቀጭ ብሎ ግራው ሁለት ጊዜ ብቻ ቀጭ ካለ፣ ግራው እውነቱን እየነገረህ ነው። በጉልበት አትሳበው። በጉልበት የተቆለፈ ማንሻ ግግሩ ሲሰባበር ይላላል።

ግግሩ ከየት መጣ? አብዛኛው ሰው ስኪውን የሚያሳድረው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ጠዋት ደግሞ መኪና ውስጥ ማሞቂያ አጠገብ ይጭነዋል። በርተድ ፓስ የሚባለው የኮሎራዶ ተራራ መተላለፊያ ደርሶ የሞቀውን ብረት በረዶ ላይ ያስቀምጠዋል። እዚያ ከፍታው 3,446 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል፣ ብርዱም የዋዛ አይደለም። በረዶው የሞቀው ብረት ላይ ይቀልጣል፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ውሃው ይረጋል። ከዚያ በላይ በገባህ በወጣህ ቁጥር በጫማህ አዲስ በረዶ ትጠቀጥቅበታለህ። ስለዚህ ስኪውን ጋራዥ ወይም በረንዳ አሳድረው። ካልሆነም መኪናው ጣሪያ ላይ እሰረው። የቀዘቀዘ ስኪ ላይ በረዶ አይቀልጥም።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ኪስህ ውስጥ ሹል የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ያዝ። በካቻቢቴ አትጎርጉረው፣ ሞላውን ትቧጭረዋለህ። ጫማህን ከማስገባትህ በፊት ሁልጊዜ ክንፎቹን ከፍተህ ስራቸውን ጎርጉር፣ ከፊትም ከኋላም። ቀጥሎ ጫማህ አፍንጫ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ጥረግ። እነሱም ግግር ይይዛሉ፣ ሰው ግን ይረሳቸዋል። ከዚያ ጫማውን አስገባና ማንሻውን ሳትቆልፍ ተረከዝህን አሥር ጊዜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች አወዛውዝ። ፒኖቹ እየተሽከረከሩ የቀረውን ፈጭተው ያወጡታል። አሁን ቆልፍና ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ ቁጠር። ከቀኙ ካነሰ አውልቀህ እንደገና አጽዳ። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ የሚነፉ ሰዎች አይቻለሁ። አትንፋ፣ በተለይ የኋላውን መያዣ። ውስጥ ያለውን ግሪስ ያጥበዋል።

ታዲያ ግራው ብቻ ለምን? እዚህ ነው ያ የተጣበቀው ሶል የሚመጣው። አፍንጫው ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ሶል በጣም ያናድደኛል። ለተራ ጫማ ሁለት ሚሊ ሜትር ምንም አይደለም። እዚህ ግን ጫማው በፒኖቹ ላይ ተንጠልጥሎ መዞር አለበት፣ ሶሉ ከስር ያለውን ብረት ከነካ እያንዳንዷ እርምጃ ጫማውን ከፒኑ ላይ እንደ መፈንቀል ናት። በዚያ ላይ ትንሽ ግግር ሲጨመርበት ይወልቃል። እንዲህ ፈትሸው። ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ጫማውን የፊት መያዣው ላይ አስገባና ቆልፍ። በሶሉና በብረቱ መሃል ቁራጭ ወረቀት አስገባ። ተረከዙን እያነሳህ እያወረድክ ወረቀቱን ሳበው። በነፃነት መውጣት አለበት። ከተያዘ ሶሉን ከስር በሞረድ ትንሽ በትንሹ ቀንሰው፣ በየመሃሉ በወረቀት እየለካህ። የብረት ቀዳዳዎቹንና ዙሪያቸውን ያለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ግን እንዳትነካ። ማስቲሹ ወደ ቀዳዳው ፈስሶ ደርቆ ከሆነም በእንጨት ፈቅፍቀህ አውጣው። እንዲህ ዓይነት ስንት አይቻለሁ።

ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ብሎኖቹንም እይ። የስኪ ባይንዲንግ ብሎን ተራ አራት ጫፍ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ፖዚድራይቭ ቁጥር 3 የሚባለውን የካቻቢቴ ጫፍ ነው የሚፈልገው። የቀድሞ ባለቤቶች በተራው ካቻቢቴ ያጠብቁና ራሱን ፈልፍለውት ይሸጣሉ። የፊት መያዣውን በእጅህ ይዘህ ወዝውዘው። ንቅንቅ ካለ ብሎኑን አውጥተህ ቀዳዳውን አድርቅ፣ ኢፖክሲ ጨምረህ መልስ፣ ሌሊቱን ይደር። ሲጠብቅ በእጅህ ነው፣ በመብሻ ማሽን አይደለም። ቀዳዳው ውስጥ እርጥብ እንጨት ወይም የዛገ ነገር ካየህ ግን አትታገለው፣ ወደ ባለሙያ ውሰደው። ከኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡ ስም የሌላቸው ብሎኖችንም አትግዛ። ርዝመታቸው ከተሳሳተ ስኪውን በስተው በታች በኩል ይወጣሉ፣ ካጠሩም አይይዙም።

ስኪኑ የሚላቀቀው በዚያው በበረዶው ነው። ከወረድክ በኋላ የስኪውን ሆድ በጓንትህ ሳይሆን በደረቅ ጨርቅ አድርቀህ ለጥፈው። ስትወርድም ቦርሳ ውስጥ አትክተተው፣ ጃኬትህ ውስጥ ይሙቅ። ቤት ስትገባ ከማሞቂያ ራቅ አድርገህ ስቀለው። ሙጫው ስኪው ላይ እየቀረ ካልሆነ አዲስ ሙጫ አያስፈልገውም።

ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከወለቀ ያኔ ፒኑን እንይ። ግራውን ከቀኙ አስተያይ። ጫፉ ተልጦ ከተንጋደደ፣ ወይም የጫማው ቀዳዳ ከክብነት ወጥቶ ሞላላ ከሆነ ያኔ መግዛት ነው። ስትገዛ ለውድድር የተሠራውን ላባ የሚያክል አትምረጥ። የኋላ መያዣው የመልቀቂያ ጉልበቱ በቁጥር የሚስተካከል ይሁን፣ የፊቱም ከክንፎቹ ስር ክፍት ቦታ ያለው፣ ግግሩን በቀላሉ የምትጎረጉርበት። ያለቀው የጫማው ቀዳዳ ከሆነ ግን ባይንዲንግ መቀየር አያድንህም፣ ገንዘቡን ጫማ ላይ አውለው።

ስለ መልቀቂያው ጉልበት አንድ ነገር ልጨምር። በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ባይንዲንግ ስትጠማዘዝ የሚለቅህ የኋላው መያዣ ነው፣ እሱ ሲዞር የፊቱ ክንፎች ይከፈታሉ። የፊቱ ከተቆለፈ የኋላውን ስንት ቁጥር ላይ ብታደርገው ዋጋ የለውም። አሁን ገባህ ለምን ደጋግሜ እንደምለው? ቆልፈህ አትውረድ። ከላይ ደርሰህ ስኪኑን ስታወልቅ፣ ተረከዝህን ስታስገባ፣ ማንሻውን በእጅህ ነክተህ ወደ መውረጃው ቦታ መመለሱን አረጋግጥ። ሁለቱንም እግር። የኮሎራዶ በረዶ ከስር ደካማ ንብርብር ይዞ ክረምቱን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፣ የግዛቱ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልም በየቀኑ ትንበያ ያወጣል። ከቤት ሳትወጣ አንብበው። ቢከን (ናዳ የቀበረውን ሰው ለማግኘት የሚረዳ ምልክት አስተላላፊ)፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ካልያዝክ ደግሞ ስለ ፒን ማውራታችንን ትተን መጀመሪያ እነሱን ግዛ።

«አበሻና ስኪ ምን አገናኘው እያሉ ይስቁብኛል» ያልከውን ግን አትስማ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ክረምት ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ በስኪ ተወዳድሯል።

ቅዳሜ ከመውጣትህ በፊት የወረቀቱን ፍተሻ አድርግ። ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ደግሞ ሳታጸዳ የግራውንና የቀኙን ማንሻ ጎን ለጎን ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ከፍታቸው ከተለያየ ክንፎቹ ስር ያለውንም ጨምረህ አንሳ፣ እሱን አይቼ የቀረውን እነግርሃለሁ።