ስኳር፣ ቦርጭና የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 49 ነው፤ ባሕር ዳር ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጬ እውላለሁ። በቅርቡ ሳልበላ የተለካሁት ስኳር 118 ሆነ፤ ግፊትም አለብኝ። ቦርጭና ስኳር የእንቁላል ማምረቻ፣ ማለትም የኦቫሪ ካንሰር ያመጣሉ ሲባል ሰምቼ ስጋት ገብቶኛል። እናቴም ያረፈችው ሆዷ አብጦ ነው፤ በሽታዋን ግን አላወቅንም። አልትራሳውንድ ልነሳ?

መልስ፦ እህታችን፣ ዝምድናው በእርግጥ አለ፤ የሰሙትን ያህል ግን አያስፈራም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከልክ ካለፈ የሰውነት ስብ ጋር ካያያዛቸው 13 የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ይኸው ነው። ሆድ ውስጥ የሚጠራቀም ስብ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝ ያደርገዋል፤ ቆሽት ጉድለቱን ለመሙላት አብዝቶ ሲያመነጭም ትርፉ ኢንሱሊን ስኳር ከማውረድ አልፎ ሴሎችን ለመራባት ይገፋፋል፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደግሞ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን በአብዛኛው የሚገኘው ከዚሁ ስብ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ አደጋውን የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ ከማህፀን ግድግዳ ካንሰር ጋር ያለው ትስስር እጅግ ይጠነክራል። የእርስዎ 118 ከ100 እስከ 125 ባለው የቅድመ ስኳር እርከን ውስጥ ስለሚገኝ፣ ምርመራውን መድገምም ሆነ ሱቅ ሲዘጉ በሐይቁ ዳር ፈጠን ብሎ መራመድ የሚያስፈልግዎ በመጀመሪያ ለልብዎና ለኩላሊትዎ ሲባል ነው።

ከስኳሩ ይልቅ የእናትዎን ሕመም ማጣራት ይበጃል። በጣና ዙሪያ ሆድ የሚያሳብጠው ብዙ ነው፤ ቢልሃርዚያ እንኳ ጉበት ጎድቶ ሆድ ውስጥ ውኃ ያስቋጥራል። አክስቶችዎን ይጠይቁ፤ በቤተሰቡ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር የያዛት ሴት ካለች፣ በዘር የሚወረሰው ጣጣ ከክብደት እጅግ የከፋ ስለሆነ ለሐኪም መነገር አለበት።

ምልክት ለሌላት ሴት በየጊዜው አልትራሳውንድ መነሳት አይመከርም፤ ጉዳት የሌለውን ውኃ የቋጠረ እጢ እያሳየ ለማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ይዳርጋል። ይልቅ «ተመችቶሽ ነው» ተብሎ የሚታለፈውን እብጠት ይጠርጥሩ። ፊትና ክንድ እየከሳ መቀነት ብቻ አልደርስ ካለ፣ ጥቂት ጉርሻ ወዲያው ካጠገበዎት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ከመጣ ወይም ከእምብርት በታች ካመመዎት፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ያኔ አልትራሳውንድ ተገቢ ነው። ጨጓራ ነው ተብሎ የታዘዘልዎ መድኃኒት ካላሻለዎት ደግሞ ተመልሰው ይሂዱና የእናትዎን ነገር አንስተው ይንገሯቸው።