የትከሻና የክርን ፌሎሺፕ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉ ሬዚደንቶችም (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች)፣ ከታካሚ ቤተሰቦችም ስለ ትከሻና ክርን ሕክምና፣ ስለ ፌሎሺፑም (ከስፔሻሊቲ በኋላ በአንድ ዘርፍ ላይ ብቻ የሚሰጥ ተጨማሪ ሥልጠና) ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ኦርቶፔዲክስ (የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና) ልጨርስ ነው። ትከሻና ክርን ለብቻው ይህን ያህል ትምህርት ይፈልጋል?

መልስ፦ ይፈልጋል። እንደ ትከሻ በየአቅጣጫው የሚዞር መገጣጠሚያ የለንም። ብዙ የሚወልቀውም ለዚህ ነው። ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ ነው፤ ቦታው ላይ የሚያቆየው አጥንቱ ሳይሆን ጡንቻና ጅማቱ ነው። ክርን ደግሞ ትንሽ ታስሮ ከቆየ ይደርቃል። ተረኛ ሆነህ ሌሊቱን የጭንና የቅልጥም ስብራት ስትጠግን የምታድር ሬዚደንት እነዚህን በቅጡ ለመልመድ ጊዜ ከየት ታመጣለህ?

ጥያቄ፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ምን ይማሩበታል?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ጅማት መስፋት፣ ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻን ማጽናት፣ የክርን ስብራት፣ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት።

የመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ግራሞን በ1985 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮውን አሠራር ገለበጠው። ጎድጓዳው በነበረበት ኳስ፣ ኳሱ በነበረበት ጎድጓዳ አደረገ። ጅማቶቹ የተበጣጠሱበት ሰው ዴልቶይድ በሚባለው ጡንቻ ብቻ እጁን ወደ ላይ ማንሳት ቻለ። ሲወራ ቀላል ነው። ነገር ግን ዴልቶይድን የሚያዘው አክሲላሪ ነርቭ እዚያው ሥር ነው የሚያልፈው። እሱ ከተጎዳ ያ ሁሉ ድካም ውኃ በላው። ነርቩን በጣት ዳስሶ ማወቅ ደግሞ ከሚያውቅ ሰው ጎን ቆሞ ነው የሚለመደው።

ጥያቄ፦ ኦብዘርቨርሺፕ አገኘሁ። ልሂድ?

መልስ፦ ሂድ፣ ግን ፌሎሺፕ ነው ብለህ አትሂድ። ኦብዘርቨርሺፕ ማየት ብቻ ነው። ከመሄድህ በፊት ተቀባይህን “እጄን ታጥቤ ኦፕሬሽን ላይ እገባለሁ ወይ?” ብለህ በግልጽ ጠይቅ። የዚያ አገር የሙያ ፈቃድ ከሌለህ መልሱ ብዙ ጊዜ “አይሆንም” ነው።

ጥያቄ፦ ተምሬ ስመለስ ዕቃው ባይኖርስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ አቋም አለኝ። አውሮፓ የሚጠብቅህ በዕድሜ ያለቀ ጅማት ነው። እዚህ የሚጠብቅህ ወልቆ ወራት የከረመ ክርን፣ ጠሞ የገጠመ የሕፃን ክንድ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉን ስም አትይ፤ የአደጋ ታካሚ የሚበዛበትን ምረጥ። የከረመ ውልቃት ለመመለስ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈውን አልናር ነርቭ ፈልጎ አግኝቶ መጠበቅ፣ ጠባሳውን በትዕግሥት ማላቀቅ ያስፈልጋል። ከኦፕሬሽን በኋላ ጎበዝ ፊዚዮቴራፒስት ከሌለህ ግን ክርኑ ተመልሶ ይደርቃል። ከመሄድህ በፊት አብሮህ የሚሠራ ሰው ፈልግ።

ጥያቄ፦ ልጄ ወድቆ ክርኑ አብጧል። ጎረቤት ወጌሻ ጋ ውሰጂው ይለኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ አይውሰዱት። አይታሽ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፣ ኤክስሬይ ይነሳ። ጠብቆ የታሰረ ክርን ደም ሊያቋርጥ ይችላል። ቀድሞ ታስሮ ከሆነና ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ሲዘረጉለት ከጮኸ፣ ማሰሪያውን ፈተው ይዘውት ይሩጡ። ሌሊትም ቢሆን፣ ይነጋል ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሴት ሬዚደንት ነኝ። የወለቀ ትከሻ መመለስ ጉልበት ይጠይቃል፣ ሌላ ምረጪ ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አትስሚያቸው። ትከሻ የሚመለሰው ጡንቻው ሲላላ ነው። ማስታገሻ ትሰጪዋለሽ፣ ታረጋጊዋለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትስቢያለሽ። በጉልበት የሚስብ ሰው አጥንት ይሰብራል፣ ነርቭ ይጎዳል። የሠራሻቸውን ኦፕሬሽኖች ከአሁኑ ሎግቡክሽ ላይ በደንብ መዝግቢ፤ ስታመለክቺ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።