ቀይ ዞኑ ለምን ባዶ ሆነ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ ኦንላይን ጌም ውስጥ አደገኛ ቦታ ገብቶ መዘረፍ። አንዳንዶቻችሁ ተዘርፋችሁ ተናዳችኋል። አንዱ ደግሞ ራሱ ጌም እየሠራ ነው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬአቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልቢዮን ኦንላይን ላይ ቢጫ ዞን ውስጥ ብሸነፍ ዕቃዬን ይወስዱብኛል?

አይወስዱብህም። ትወድቃለህ፣ ዕቃህ ይጎዳል፣ ተነሥተህ ትሄዳለህ። የዚህ ጌም ዞኖች በአደጋቸው መጠን በቀለም የተለዩ ናቸው፤ መዘረፍ የሚጀምረው ቀይ ላይ ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ከዱባይ የጻፈልኝ አንባቢ በኅዋ መርከብ በሚዞሩበት ጌም፣ ኢቭ ኦንላይን ላይ ጀማሪ ነው። ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ መርከብ ጭኖ ወደ ጂታ ገበያ ሲጓዝ፣ ደህና በተባለው ክልል ውስጥ አፈነዱት። «ፖሊሱ ምን ይሠራል?» ይላል።

ፖሊሱ ይቀጣል፣ አይጠብቅም። ኢቭ ውስጥ እያንዳንዱ የኮከብ ሥርዓት የደህንነት ቁጥር አለው። ከ1.0 እስከ 0.5 ከፍተኛ ነው፣ ከ0.4 እስከ 0.1 ዝቅተኛ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ሕግ የለም። ከፍተኛው ክልል ውስጥ ያለ ምክንያት የተኮሰብህን መርከብ ኮንኮርድ የሚባለው የጌሙ ፖሊስ ያወድመዋል። ግን እስኪደርስ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። አጥቂዎቹ ይህን አውቀው፣ ርካሽ መርከብ ይዘው፣ ተሰብስበው ይመጣሉ። መርከባቸው እንደሚጠፋ ቀድመው አስበውበታል። አንተ ስትፈነዳ ከጭነትህ በግምት ግማሹ ሳይጠፋ ይቀራል። ያ ግማሽ እነሱ ከሚያጡት ከበለጠ አዋጥቷቸዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጭነትህን ከፋፍለህ አመላልስ። ሁሉን በአንድ ጉዞ መጫን ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን አንተን ለመምታት የሚያዋጣ ዒላማ ያደርግሃል።

አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ጌም እየሠራ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ዞን አለው። ቀዩ የአረንጓዴውን 3 እጥፍ ይከፍላል፤ የሞተ ሰው ግን የያዘውን ሁሉ ያጣል። ቀይ ዞኑ ባዶ ነው። «5 እጥፍ ላድርገው?» ሲል ይጠይቃል።

አታድርገው! ይህ ጥያቄ በጣም ስለሚያስጨንቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። በላክልኝ ቁጥር አረንጓዴው በሰዓት 100 ሳንቲም ይሰጣል፣ ቀዩ 300። ለቀይ የሚበቃ ትጥቅ 500 ያወጣል። 10 ሰዎች ለአንድ ሰዓት ገብተው 5ቱ ቢሞቱ፣ የተረፉት 1,500 ይዘው ይወጣሉ። የሞቱት ግን 2,500 የሚያወጣ ትጥቅ ያጣሉ። ለሰብሳቢዎቹ፣ ማለትም ሀብት ለመልቀም ለገቡት፣ በጠቅላላ 1,000 ኪሳራ ነው። እነዚያው 10 ሰዎች አረንጓዴ ላይ ቢቆዩ 1,000 ያተርፉ ነበር። ተጫዋቾችህ ፈሪዎች አይደሉም። ሒሳብ ያውቃሉ።

«እንግዲያው ክፍያውን ልጨምር» ማለትህ አይቀርም። ችግሩ፣ ክፍያ ሲጨምር የሚመጣው ሰብሳቢ ብቻ አይደለም፣ ሰብሳቢውን ገድሎ የሚዘርፈው አዳኙም ነው። አዳኝ በበዛ ቁጥር የመሞት ዕድል ይጨምራል፣ ሰብሳቢው ይሸሻል፣ ዞኑ እንደገና ባዶ ይሆናል። በ5 እጥፍ የሚጠቀመው በቡድን የሚንቀሳቀስ ትልቅ ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) ነው። ብቻውን የሚጫወተው ልጅ አንዴ ሞክሮ አይመለስም።

ይህ መንገድ የተረገጠ ነው። አልቲማ ኦንላይን በ1997 ሲወጣ ከከተማ ውጪ ማንም ማንንም መግደል ይችል ነበር። አዲስ የገባው ሰው በዘራፊዎች ተማሮ ይወጣ ነበር። በ2000 ዓለሙን ለሁለት ከፈሉት፦ ያለ ፈቃድህ የማትገደልበት ትራሜል፣ እንደ ድሮው የቀረው ፈሉካ። ሕዝቡ ወደ ትራሜል ጎረፈ፣ ፈሉካ ጭር አለ። ነፍስ የዘራበት፣ የክህሎትን ጣሪያ ከፍ የሚያደርጉ ጥቅልሎች እዚያ ብቻ እንዲገኙ ሲደረግ ነው። ጥቅልሎቹ መሸጥ ይቻሉ ስለነበር፣ ትራሜል ተቀምጦ የሚኖረውም ሰው ከፈሉካ ሰው ይገዛ ነበር። ያንተ ጌም መጀመሪያ የጎደለው ይህ ነው። ቀይህ የሚሰጠው የአረንጓዴውን ያንኑ ሳንቲም በብዛት ነው። አረንጓዴ ላይ ያለ ሰው የሚፈልገው፣ ግን ራሱ ሊያመርተው የማይችለው ነገር ቀይ ውስጥ አስቀምጥ። ያኔ ዋጋውን አንተ ሳትሆን ገበያው ይወስነዋል። የሚሄድ ሰው ሲያንስ ዕቃው ይወደዳል፣ ሲወደድ የሚሄድ ሰው ይገኛል።

ሁለተኛው የኪሳራው ወለል ነው፤ የሞተ ሰው ቢያንስ ምን ይቀርለታል ማለት ነው። ኦልድ ስኩል ራንስኬፕ በሚባለው ጌም ውስጥ፣ ዊልደርነስ የሚባለው አደገኛ ምድር ላይ፣ ቀድሞ ሌላውን ያላጠቃ ሰው ቢሞት እንኳ ከዕቃዎቹ ውድ የሆኑት 3ቱ ይቀሩለታል። በዚያ ላይ ወደ ውስጥ በዘለቅህ ቁጥር ሊያጠቃህ የሚችለው ሰው የደረጃ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል። ዳር ላይ የሚገጥምህ እኩያህ ነው፣ መሀል ስትገባ ግን ብዙ የሚበልጥህም ይመጣል። ሰው ምን ያህል እንደሚደፍር በእግሩ ይመርጣል። ይህ በጣም ያማረ አሠራር ነው።

ሦስተኛው መረጃ ነው፤ ከሁሉም በላይ የምቆረቆረው ለዚህ ነው። ኢቭ ውስጥ አንድ ሥርዓት ስትገባ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ስም ዝርዝር ይታይሃል። በሐምሌ 2019 ሕግ አልባው ክልል ላይ ይህን ዝርዝር አጠፉት። ማዕድን ቆፋሪው ማን እንደመጣበት ሳያውቅ መርከቡ ይፈነዳ ጀመር። ብዙ ሰው መግባት ተወ፣ በመስከረም ዝርዝሩ ተመለሰ። በሌላ በኩል በ2009 የተጨመረው፣ በሚከፈቱና በሚዘጉ መተላለፊያዎች የሚገባበት የዎርምሆል ክልል ያን ዝርዝር ከመጀመሪያውም አልነበረውም፣ ግን ሰው እስከ ዛሬ ይኖርበታል። እዚያ የገባው ሰው ሁኔታውን አውቆና ወዶ ነው የገባው። መግቢያዎቹንም ሊጠብቃቸው፣ ከባድ መርከብ አመላልሶ ሊዘጋቸውም ይችላል። ሰው የሚሸሸው አደጋን አይደለም፤ ሊያየውና ሊወስንበት የማይችለውን አደጋ ነው።

እናም ክፍያውን ለጊዜው አትንካው። ለሟቹ ጥቂት ዕቃ አስቀርለት። ዞኑ ውስጥ ስንት አጥቂ እንዳለ አሳየው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቁጠር፦ ቀይ ላይ ከሞቱት ስንቶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ? ጌምህ ይኑር አይኑር የሚነግርህ እሱ ነው።

መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እሆናለሁ?

ኢቭ ላይ ከማንም ጋር ካልተዋጋህ መርከብህ ራሷን ታሸሽና ከ1 ደቂቃ በኋላ ትሰወራለች። ከሰው ጋር ውጊያ ላይ ከነበርክ ግን እስከ 15 ደቂቃ ትቆያለች፣ ያገኘህ ይመታሃል። ሕጉ ለኛ አገር ተጫዋች ይከብዳል፣ ግን ትክክል ነው። ባይኖር ኖሮ የተሸነፈ ሁሉ ገመዱን ይነቅል ነበር። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ካለህ፣ ውድ ዕቃህን ይዘህ አትውጣ።

ከውጪ ሻጭ የጌም ገንዘብ ብገዛ ችግር አለው?

አለው። አካውንትህ ሊታገድ ይችላል። ራንስኬፕ በ2007 ዊልደርነስ ላይ ተጫዋቾች እርስ በርስ እንዳይዋጉ እስከ መከልከል የደረሰው በነዚህ ነጋዴዎች ምክንያት ነው፤ የተመለሰው ተጫዋቾች ድምፅ ሰጥተው በ2011 ነው። አትግዛ።

ከቨርጂኒያ የጻፈችልኝ እኅት ታናሽ ወንድሟ ያሳስባታል። በጌም ያጣውን መርከብ ለመተካት በክሬዲት ካርድ ይገዛል፣ ይሸነፋል፣ ደግሞ ይገዛል። የቤት ኪራይ አልከፈለም፣ ዕዳውንም ይደብቃል። «ከየትኛው ዞን እንዲርቅ ልምከረው?» ትላለች።

እኅቴ፣ ይህ የዞን ጉዳይ አይደለም። በጌም ያጣውን በጌም የሚሠራ ሰው እየተጫወተ ነው። ያጣውን በኪራይ ገንዘብ የሚመልስ ሰው ግን እርዳታ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጌም ሱስ በሕመም ተመዝግቧል። ምልክቶቹ መቆጣጠር አለመቻል፣ ጌሙን ከሌላው ኑሮ ማስቀደምና ጉዳት እያዩ መቀጠል ናቸው። ወንድምሽ ይህ ይኑርበት አይኑርበት እኔም አንቺም መወሰን አንችልም። ባለሙያ ነው የሚወስነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ አስይዢለት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እንዲመራውም ጠይቂ። እምቢ ካለ ብቻሽን ሂጂና እንዴት እንደምታናግሪው ተማከሪ። ኮምፒውተሩን ነጥቀሽ አትደብቂ፣ ጠብ ብቻ ነው የሚያተርፍልሽ። ዕዳውን ለትርፍ ለማይሠራ የዕዳ አማካሪ አሳዩት። እባክሽ ነገ ዛሬ አትበዪ።

ስጫወት አንጓዬን ያመኛል።

እረፍ። ካልተሻለህ ሐኪም ይይህ።

አልቢዮን ላይ ቀይ ልግባ ወይስ በቀጥታ ጥቁር?

ቀይ። እዚያ ሊያጠቃህ የሚፈልግ ሰው ጠበኛነቱን ቀድሞ ማሳየት አለበት፣ ሲገድልም መልካም ስሙን ያጣል። ጥቁር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ብታጣው የማይቆጭህን ትጥቅ ልበስ፣ የመውጫውን በር ቀድመህ እይ፣ ቦርሳህ ግማሽ ሲሞላ ወደ ከተማ ተመለስ።