ደንገጎን በፎሌ መውረድ ነዳጅ አይቆጥብም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ የድሬዳዋ አንባቢ ቶዮታ ኮሮላ አለው። ሞተሩ 1.3፣ ኢንጄክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ)፣ ካምቢዮው ማንዋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሥራ ሐረር ደርሶ ይመለሳል። መኪናው ድሮ በአንድ ሊትር 13 ኪሎ ሜትር ይሄድለት ነበር፤ አሁን 9 መሙላት አቅቶታል። ካንዴላ ቀይሯል፣ ኢንጄክተር አሳጥቧል፣ የአየር ፊልትሮ ቀይሯል፤ ለውጥ የለም። "ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ ደንገጎን በፎሌ ነው የምወርደው፣ አንዳንዴ እንዲያውም ሞተር አጠፋለሁ" ይላል። ደንገጎ ከሐረር በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደው ኩርባ የበዛበት ቁልቁለት ነው፤ ፎሌ ማለት ደግሞ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን መልቀቅ ነው። መጨረሻ ላይ ሦስት ነገር ጣል አድርጓል። ከተማ ሲገባ የሚቃጠል ነገር ይሸተዋል። መሪው ትንሽ ወደ ግራ ይስባል። የሙቀት መለኪያው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ወደ ቀዝቃዛው ይወርዳል።

ወንድሜ፣ መልሱ መጨረሻ ላይ ጣል ባደረግካቸው ነገሮች ውስጥ ነው ያለው። ሽታ፣ ወደ ግራ መሳብና ነዳጅ መብላት አንድ ላይ ሲመጡ እኔ ኮፈን አልከፍትም። ቀጥታ የፊት ግራ ጎማ ጋ ነው የምሄደው። ግምቴ ይኸውልህ፦ የፊት ግራ ፍሬንህ ከያዘ በኋላ አይለቅም። ለዚህ ያበቃው ደግሞ ያ ነዳጅ ይቆጥብልኛል የምትለው ፎሌ ነው። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን እየረገጥክ ስትወርድ ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጭነው ክፍል) ይጋላል፣ ውስጡ ያለው ጎሚኒ፣ ማለት የጎማ ማሸጊያው፣ ይደርቃል፣ ፒስተኑ ወደ ቦታው መመለስ ያቅተዋል። ከዚያ ሜዳም ላይ ሆንክ ዳገት፣ ሞተርህ የገዛ ፍሬንህን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ካንዴላ ብትቀይር ምን ያደርግልሃል?

ሌላውን ሁሉ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ደንገጎን በፎሌ አትውረድ። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ጨርሶ አይታሰብም። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ውስጥ የቀረው ቫኪዩም (ሞተሩ አየር መጦ የፈጠረው ባዶነት) ለሁለት ለሦስት መርገጥ ነው የሚበቃው። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል። ቁልፉን አሳልፈህ ካዞርከው ወይም ከነቀልከው ደግሞ መሪ ሊቆለፍ ይችላል። ያ ሁሉ ኩርባ ላይ፣ ከፊትህ አይሱዙ እየወጣ፣ ከኋላህ ከአወዳይ ጫት የጫነ መኪና እየበረረ።

አሁን ፎሌ ለምን ነዳጅ እንደማይቆጥብ ላስረዳህ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ወደ ፎሌ አይመለስም። ያንተ መኪና ኢንጄክሽን ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ስታነሳ፣ መኪናው እየወረደ ሞተሩን ራሱ ያዞረዋል። ኮምፒውተሩ ይህን ያያል። ሞተሩ በጎማው ኃይል እየዞረ ስለሆነ ነዳጅ አያስፈልገውም ብሎ ኢንጄክተሮቹን ይዘጋል። በደቂቃ ከ1500 የሞተር ዙር ገደማ በላይ እስከሆንክ ድረስ የሚገባው ነዳጅ ዜሮ ነው። ትንሽ ማለቴ አይደለም፣ ዜሮ። ፎሌ ስታደርግ ግን ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ። ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ፣ ማለት መኪና ቆሞ በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ መሥራት አለበት። ለዚህ ቁጭ ብሎ ነዳጅ ይጠጣል፣ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ። ስለዚህ በማርሽ የወረደው ምንም አይበላም፣ በፎሌ የወረደው ይበላል።

የሐረር አሮጌ ፔጆ 404 የሚነዳ ሰው "የኔ ካርቡራተር ነው፣ ኮምፒውተር የለውም" ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፣ ይህ የፎሌ ልማድም የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። ግን ቁልቁለቱን ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ እንኳ የምንጣላበት ነዳጅ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ለሱ ነው ፍሬን የሚቃጠለው?

ሌላው ነገር የቁልቁለቱ ክብደት ነው። ሐረማያ አካባቢ ከፍታው 2000 ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1200 አካባቢ። ከነተሳፋሪው 1200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሲወርድ ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ25 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። በማርሽ ከወረድክ ሞተሩ ብዙውን ይይዝልሃል። በፎሌ ከወረድክ የቀረው በሙሉ አራት ጎማ ላይ ያሉ ሸራዎች ላይ ይወድቃል፣ ይልቁንም ፊት ያሉት ላይ። መንገዱ ረጋ ያለ ቁልቁለት ቢሆንና ፍሬን ባትነካ ኖሮ ፎሌ ትንሽ ያራምድህ ነበር እንበል። ደንገጎ ላይ ግን በፎሌ ያገኘኸውን ፍጥነት ኩርባው ጋ ስትደርስ መልሰህ በፍሬን ታጠፋዋለህ።

ፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል። ፔዳሉ መሬት ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ሹፌሩ "ፍሬን እምቢ አለኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ እምቢ ያሰኙት እኛው ነን።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ሜዳ መንገድ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ንዳ፣ ፍሬን በተቻለ መጠን ሳትነካ። መጨረሻ ላይ ራሱ እንዲቆም ተወውና የእጅ ፍሬን ያዝ። ውረድና የእጅህን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ፣ አትንካው። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ ፊትህን የሚመልስ ሙቀት ካለው አግኝተኸዋል። በጣትህ ውሃ ጠብ ብታደርግበት ቸስ የሚል ከሆነ ደግሞ ጥያቄ የለውም።

ከዚያ መሬቱ ደልዳላ የሆነ ቦታ ላይ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ አስደግፍ፣ ፊቱን በክሪክ አንሳ፣ ከሥሩ ጠንካራ መቆሚያ አድርግ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅህን እንኳ አታስገባ። ጎማውን በእጅህ አዙረው። ፍሬን አስረግጥና አስለቅቅ፣ እንደገና አዙረው። ከተለቀቀ በኋላ አልዞርም ካለ የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ቡሎን በትንሹ ክፈት። ዘይት ፍንጥቅ ብሎ ወጥቶ ጎማው ነፃ ከሆነ ካሊፐርህ ጤነኛ ነው። ጥፋተኛው የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው፤ ውስጡ አብጦ ዘይቱን ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። ከላይ ሲታይ ደህና ስለሚመስል ብዙ ሰው ያልፈዋል። ተከፍቶም ጎማው አልዞርም ካለ ፒስተኑ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተጣብቀዋል። ፒኖቹን አውጥተህ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ቀባ። ተራውን የኩሽኔታ ግራሶ አትቀባ፣ ቀልጦ ሸራው ላይ ይፈሳል። ጎሚኒው ከደረቀ ሁለቱንም የፊት ካሊፐር ጎሚኒ ቀይር፣ አንዱን ብቻ አይደለም።

ሸራ ስትገዛ ርካሹን ተወው። አቦ፣ ስንቱን አየሁት! ካርቶኑ ላይ ኦሪጅናል የሚል ጽሑፍ አለ፣ ውስጡ ድንጋይ ነው። ዲስኩን ይበላል፣ ሲሞቅ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱ ከጀርባው ብረት ተላቆ ይወድቃል። ፍሬን ዘይትም ያልተከፈተ ዕቃ ብቻ ግዛ። ባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ግማሹ ተሸጦ የከረመ ጠርሙስ በነፃ ቢሰጥህ አትውሰድ። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይረው። ፍሬን ዘይት ሲያልቅ የመሪ ዘይት የሚጨምሩ ሰዎችም አሉ። የመሪ ዘይት የፍሬን ጎሚኒን በሙሉ ያሳብጣል። እንዲህ የተደረገበት መኪና ሲገባልኝ ከላይ እስከ ታች ነው የማፈርሰው።

የሙቀት መለኪያው መውረድ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። የሆነ ሰው ቴርሞስታትህን አውጥቶ ሳይጥለው አልቀረም። "ድሬ ሙቀት ነው፣ ቴርሞስታት አያስፈልጋትም" ብሎህ ይሆናል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቴርሞስታት ሞተሩ 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውሃውን የሚይዝ ነው። ከሌለ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቁልቁለት ላይም ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ጠዋት የተነሳ መስሎት ነዳጅ ይጨምርለታል። እና መኪናው ዳገት ላይ ይሞቅ ከነበረ ምክንያቱ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የማይዞር ፋን ነው፤ ያ እስካሁን አልተሠራም ማለት ነው። ቴርሞስታቱን መልሰህ አስገባ፣ ራዲያተሩን አሳጥብ።

ስለ አነዳድ። የወጣህበትን ማርሽ ውረድበት። ኩርባ የበዛበት ቦታ ሁለተኛ፣ ቀሪው ሦስተኛ። ማርሽ የምትቀንሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፣ ፍጥነት ካነሳህ በኋላ አይደለም። ፍሬን ስትይዝ ጠንከር አድርገህ አጭር ያዝ፣ ከዚያ ልቀቅ፤ እግርህን ጣል አድርገህበት አትውረድ። ወደ ላይ ስትወጣ ከከባድ መኪና ኋላ ተለጥፈህ እየቆምክ አትነሳ። ርቀት ስጠው፣ በአንድ ማርሽ ረጋ ብለህ ውጣ። ከየኩርባው በኋላ ነዳጅ ረግጦ ኩርባው ላይ ፍሬን መያዝ ገንዘብ መድፋት ነው። ባዶ ፖርቶ መጋላ ካለህ አውርደው።

የጎማ አየር ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ አስለካ። በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተል። እኩለ ቀን ላይ የድሬ አስፋልት ጎማውን አሙቆት ልኩ ከፍ ብሎ ቢታይህ አየር አታስወጣ፣ ጠዋት ያንስብሃል። የራስህን መለኪያ ብትገዛም ጥሩ ነው። ጎሚስታው ጋ ያለውን መለኪያ በየቀኑ ስንት ሰው መሬት ላይ እንደሚጥለው አይቻለሁ።

አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ከላላብህ አትደንግጥ። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ርገጥ፣ ማርሽ አንድ በአንድ ቀንስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልክ ሳብ፣ ወደ ተራራው በኩል ተጠጋ። ይህ ሁሉ በደንብ የሚሠራው ሞተሩ ካልጠፋና ማርሽ ውስጥ ካለህ ነው። ስለዚህ እንደገና ልበልህ፦ ፎሌ የለም፣ ሞተር ማጥፋት የለም።

ቅደም ተከተሉ ፍሬን፣ ቴርሞስታት፣ ከዚያ ልኬት ነው። ነዳጅ ሙሉ አድርገህ ቅዳ፣ ሐረር ደርሰህ ተመለስ፣ እዚያው ማደያ እንደገና ሙላና ኪሎ ሜትሩን በገባው ሊትር አካፍል። መሄድ ብቻውን ወይም መምጣት ብቻውን አይለካም፣ አንዱ ዳገት አንዱ ቁልቁለት ነው። ሁለት ሦስት ዙር ለክተህ 12 አካባቢ ከደረሰ ሌላ ብር አታውጣ። ከ11 በታች ከቀረ ግን ኦክስጅን ሴንሰሩን (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን) እናያለን። ቁጥሩን ላክልኝ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጫፍ ላይ ያለው ጥላሸት ጥቁር ይሁን ግራጫም ጻፍልኝ።