ቴርሞስታቱን መልስና ከዚያ እንነጋገር

የዛሬው ጥያቄ የመጣው እዚሁ አዳማ ከሚኖር ወጣት ነው። 94 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ይነዳል። ቤተሰቦቹ አሰላ ስለሆኑ መንገዱን ይመላለስበታል። አምና መኪናው ከተማ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ ይሞቅበት ጀመር። ጓደኞቹ እንደመከሩት ግቢው ውስጥ ሆኖ በገዛ እጁ ሁለት ነገር ሠራ። ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥቶ ጣለው። የራዲያተሩን ፋንም ከነበረበት መስመር ቆርጦ፣ ዳሽቦርዱ ላይ በገጠመው ማብሪያ ከባትሪ ጋር በቀጥታ አገናኘው። «አሁን ከተማ ውስጥ የሙቀት ጌጁ ከታች ንቅንቅ አይልም» ይላል። «ዴራን አልፌ ወደ ኢተያ ዳገቱን ስጀምር ግን ቀስ እያለ ይወጣና ቀዩን ይነካል። ራዲያተር ልቀይር?»

አትቀይር ወንድሜ። ገንዘብህን ያዝ። መኪናህ ችግሩን ራሱ እየነገረህ ነው።

ልብ በል፤ ስትቆም ይቀዘቅዛል፣ ስትነዳና ሞተሩ ሲሸከም ይሞቃል። ፋን የሚያስፈልገው መኪናው ሲቆም ወይም ሲንፏቀቅ ነው። በ70 እና በ80 ስትሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ለሚመጣው ሙቀት መጀመሪያ ፋኑን አልጠረጥርም። የምጠረጥረው የውሃውን ዝውውር ነው። የውሃውን ዝውውር ያበላሸው ደግሞ አውጥተህ የጣልከው ዕቃ ነው።

ምክሩን የሰጡህን ሰዎች አልወቅስም። እኔም ሙያውን ስጀምር የተማርኩት ይህንኑ ነበር። «ቴርሞስታት የበረዶ አገር ዕቃ ነው፣ ለእኛ ሙቀት አይሆንም» ይባል ነበር። ብዙ መኪና ላይ አውጥቻለሁ። እነዚያው መኪኖች ዳገት ላይ ሞቀው፣ ቴስታታቸው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሞ ሲመለሱ ነው ነገሩን የመረመርኩት።

የአንተ ኮሮላ ቴርሞስታት ከራዲያተሩ ሥር የሚመጣው ቱቦ ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ብዙ ሰው አንድ በር ብቻ ያለው ይመስለዋል። ሁለት ነው ያለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ዋናው በር ተዘግቶ ውሃው በአጭሩ መንገድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ሙቀቱ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ሲደርስ ዋናው በር መከፈት ይጀምራል። 95 ላይ 8 ሚሊሜትር ያህል ይከፈታል። ዋናው በር ሲከፈት ከኋላው ያለችው ትንሽ ሳህን አጭሩን መንገድ ትዘጋለች። ያኔ ውሃው በሙሉ በራዲያተሩ በኩል ለማለፍ ይገደዳል።

አንተ ዕቃውን ስታወጣ ሁለቱም መንገድ ተከፍቶ ቀረ። ውሃ ደግሞ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል። ስለዚህ ከሞተሩ የወጣው የፈላ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ከተማ ውስጥ ሞተሩ ብዙ ስለማይለፋ አይታወቅህም። ኢተያ ዳገት ላይ፣ አራት ሰው ጭነህ፣ በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣ ግን እያንዳንዱ ጠብታ ራዲያተሩ ውስጥ ማለፍ አለበት። እያለፈ አይደለም። አንዳንዱ መካኒክ «ውሃው ስለሚፈጥን ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» ይላል፤ ምክንያቱ ፍጥነቱ አይደለም፣ የተከፈተው አቋራጭ ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። መኪናህ ኢንጀክሽን ከሆነ፣ ማለትም ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ከተማ ውስጥ ጌጁ ከታች ሲቀር ደስ አይበልህ፤ ነዳጅህ እየሄደ ነው።

እንግዲህ አዲስ ቴርሞስታት ግዛ። 82 ዲግሪ የሚል ቁጥር ያለውን፣ ከጎማ ቀለበቱ ጋር። ከኋላው ያችን ሳህን እንዳላት አይተህ ግዛ። ሳህን የሌለው ርካሽ ዕቃ ገበያ ላይ አለ፣ እሱን ከገጠምክ ያው እንዳወጣኸው ነው። ከመግጠምህ በፊት ቤት ውስጥ ፈትነው። ምግብ በማይሠራበት አሮጌ ድስት ውሃ አፍላና በሽቦ አንጠልጥለህ ክተተው። አንድ ነገር ግን እወቅ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ባይከፈት ተበላሽቷል ብለህ አትመልሰው። በደንብ ተከፍቶ፣ ስታወጣው ደግሞ ከተዘጋ ጤነኛ ነው። ስትገጥመው ጠርዙ ላይ ያለችው የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ በኩል ነው።

የራዲያተሩን ክዳን አብረህ ተመልከት። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ። ይህ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚይዝ ጤነኛ ክዳን አዳማ ላይ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ያፈሳል። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ያለ ግፊት ውሃው በ92 ይፈላል። ሞተርህ በጤናው የሚሠራውም እዚያው አካባቢ ነው። ታዲያ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የክዳኑ ነገር ይብስብሃል። ጎማው ከተሰነጠቀ ቀይረው፣ ከራዲያተር ጋር ስታነጻጽረው ዋጋው ምንም አይደለም። ብቻ ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳን እንዳትነካ። ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች አውቃለሁ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቅ።

አሁን ወደ ፋኑ። እዚህ ላይ የምቆጣህ ስለ እሳት ነው። የፋን ሞተር ከ10 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ያንን በቀጭን ገመድና ለመብራት በተሠራ ማብሪያ፣ ያለ ፊውዝ ካሳለፍከው ገመዱ ዳሽቦርዱ ውስጥ ይቀልጣል። ዛሬውኑ ከባትሪው ላይ ንቀለው።

የሚሻለው የድሮውን መስመር መመለስ ነው። የቆረጥካቸውን ገመዶች በደንብ በሶልደር በይደህ አገናኝና ሸፍናቸው። ከዚያ በውሃው መስመር ላይ ያለውን የፋኑን ሙቀት ስዊች ሶኬት ንቀልና ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። በእነዚህ የቆዩ ኮሮላዎች ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። ከዞረ ፊውዙ፣ ሪሌው (ፋኑን የሚያበራው የኤሌክትሪክ ማብሪያ)፣ የፋኑ ሞተር ሁሉም ደህና ነው፤ አምና ከተማ ውስጥ ያሞቀህ ስዊቹ ሳይሆን አይቀርም። ካልዞረ ከፊውዙ ጀምረህ ወደፊት ሂድ።

ፋኑ ሲዞር ወረቀት ይዘህ ከመኪናው ፊት ፍርግርጉ ላይ አስጠጋ። ወረቀቱ መሳብ አለበት። ከገፋው ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አገላብጠህ ገጥመሃል፤ ፋኑ ከሚመጣው ነፋስ ጋር እየተጣላ ነው። ቤት ውስጥ በተሠራ ገመድ ላይ ይህን ስህተት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የአርሲ መንገደኛ ስለሆንክ ገለባውን አትርሳ። በስንዴ አጨዳ ወቅት ኮምባይነሮቹ ሲሠሩ ብናኙ ራዲያተሩና ከፊቱ ያለው የኤሲ ኮንደንሰር (ራዲያተር የሚመስለው የኤሲው ክፍል) መካከል ገብቶ ይጋገራል። ከፊት ስታየው ንጹሕ ይመስላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ቀስ ባለ ውሃ እጠበው። በኃይለኛ ፓምፕ ከሆነ የራዲያተሩ ስስ ክንፎች ይታጠፋሉ።

ስትሞላ የቧንቧ ውሃ ብቻ አታድርግ። ሻይ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩም ውስጥ ይቀራል። ግማሽ ኩላንት (ለራዲያተር የሚሠራው ፈሳሽ) ግማሽ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ በቂ ነው። የአንተ መኪና ከ5 እስከ 6 ሊትር ይይዛል። አሮጌውን በሳፋ ተቀብለህ አስወግድ። ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ መርዝ ግን ነው፤ ልጅም ውሻም ሊቀምሰው ይችላል። መኪናውን አፍንጫው ቀና ባለበት ቦታ አቁም። የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈት። ክዳኑን ሳትገጥም ቀስ እያልክ ሙላ፣ ሞተሩን አስነሳና አረፋው እስኪያልቅ ጨምር። ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ ጠብቅ። አየር ከቀረበት ቴርሞስታቱን ትወቅሳለህ፣ እሱ ግን ጥፋት የለበትም።

አረፋው ጨርሶ ካልቆመ፣ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካየህ፣ የቴስታታው ጋስኬት (ማሸጊያው) ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የግቢ ሥራ አይደለም፣ ጋራዥ ውሰደው። ቀዩን ስንት ጊዜ እንደነካብህ ስላልነገርከኝ ይህ ያሳስበኛል።

ሁሉንም ከጨረስክ በመጀመሪያ እስከ ዴራ ብቻ ሂድና ተመለስ። ቀጥሎ ዳገቱን ውጣ። ጌጁ ከመሃል ማለፍ ከጀመረ ኤሲውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን ክፈት፣ ዳር ይዘህ ቁም። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ። ኢተያ ስትደርስ ጌጁ የት ላይ እንደቆመ ጻፍልኝ። ከዚያ በኋላም የሚሞቅ ከሆነ ያኔ ስለ ራዲያተሩ እናወራለን።